በዓይኑ የሚጠቅሰው ፒክአፕ

ጡረታ ወጥቻለሁ። ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ነው። ሳቁ ግድ የለም፤ እኔም ይህን ስጽፍ ስቄያለሁ። ግን ሰው ሥራ ጀምሮ፣ አለቃ ኖሮት፣ ከከተማ ከተማ ተዛውሮ፣ ወድቆ፣ ተነስቶ፣ በመጨረሻ መሣሪያውን ጠርጎ ካስረከበ ጡረታ ወጣ አይደል የሚባለው? እኔ ሁሉንም አድርጌዋለሁ። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ከትምህርት ቤት መልስ፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ሙሉ ቀን፣ ቡታጅራ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠርቻለሁ። በቅርቡ የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበቡልኝ ወዲህ ደግሞ እስክሪብቶ ካልያዝኩ እጄን ይበላኛል። ስለዚህ የሥራ ዘመኔን ልጻፍ።

አለቃዬ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ስማቸው ደምሴ ነው፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። በወጣትነታቸው ወልቂጤ፣ አንድ የመንገድ ሥራ ጋራዥ ውስጥ ተቀጠሩ። ከዚያ መንገድ ሠሪዎቹን ተከትለው አረቅጥ ወጡ። የአረቅጥ ብርድ ሽቦውን እንደ ደረቅ ጭራሮ ያደርገዋል፣ ስታጥፊው ቀጭ ይላል፣ ይሉኛል። በኋላ ቡታጅራ መጥተው የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። ጋራዥ እንበለው እንጂ አንዲት መኪና ብቻ ነው የምታስገባው። የውስጠኛው ግድግዳ ኖራ የተቀባ ነጭ ነው፤ የመኪና መብራት የምንሞክረው እሱ ላይ እያበራን ነው። ከግድግዳው ማዶ ልብስ ሰፊዋ እትዬ ራሔል ይኖራሉ፤ አባታቸው አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል።

የተቀጠርኩት በእጄ ቅጥነት ነው። ምሳ አድርሼ ልመለስ ስል የአንድ ሚኒባስ ብሎን ከመሪው ሥር ወደ ውስጥ ወድቆ፣ የጋሼ እጅ አልገባ ብሎ ሲታገሉ አገኘኋቸው። እጄን ሰድጄ አወጣሁላቸው። ብሎኑን አገላብጠው አዩት፣ እኔንም አዩኝ፣ «ነገም ነይ» አሉኝ። የቅጥር ደብዳቤዬ ይቺ ናት። ደመወዜ ደብተርና ጫማ ነበር፤ ይህን አልፈን ወደ ቁም ነገሩ።

ጋሼ ሌላ ጋራዥ ውስጥ ያላየኋቸው ልማዶች አሏቸው። እጃቸውን የሚታጠቡት ሥራ ሲጨርሱ ብቻ ሳይሆን ሳይጀምሩም ነው። «የሰው መኪና የሰው ቤት ነው፤ በቆሻሻ እጅ አይገባም» ይላሉ። የፈቱትን ብሎን የሚያኖሩት ባርኔጣቸው ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ሥራ ላይ ሲሆኑ መላጣቸው ፀሐይ ይሞቃል፣ መንገደኛም «ጋሽ ደምሴ ዛሬ መላጣው ወጥቷል፣ ሥራ አለ ማለት ነው» እያለ ያልፋል። ሽቦ ሲፈልጉ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ይሄዱበታል። የባትሪውን ጫፍ ከማሰራቸው በፊት ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ምን ብለው እንደሚጸልዩ ጠይቄያቸው «አጭር ናት፣ ጌታ ይሰማታል» ብለውኛል።

ከሁሉም የምወደው ግን ጥያቄያቸውን ነው። ሌላው ባለሙያ ባለመኪናውን «ምን ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል። ጋሼ ግን «መቼ ነው የሚሆነው?» ነው የሚሉት። ሲዘንብ ነው? ሲጫን ነው? ሞተሩ ሲሞቅ ነው? ወደ ግራ ሲዞር ነው? «ምን እንደሆነማ አየዋለሁ። መቼ እንደሚሆን ግን ሳላይ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው» ይላሉ።

አንድ ክረምት ወልቂጤ ተዛውሬ ነበር። ጋሼ ጉልበታቸውን ሲታመሙ ከድሮ ተማሪያቸው ከማስተር ተካ ዘንድ ላኩኝ። ማስተር ተካ የጋሼ ተቃራኒ ናቸው። ሙዚቃቸው እስከ መናኸሪያው ይሰማል፤ ቋንቋቸውም አንዲት ቃል ናት፤ «ቀይረው!» አምፖል? ቀይረው። ፊውዝ? ቀይረው። አንድ ቀን ራዲዮው እምቢ ያለውን ሰውዬ «ጣቢያውን ቀይረው» ሲሉት ሳቅ ገደለኝ። ግን እውነቱን ልናገር፣ ፍጥነት የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ሽቦ ልጦ፣ ገምዶ፣ በናስትሮ መጠቅለል፣ ያውም ናስትሮውን በጥርስ ሳይሆን በጣት መቁረጥ፣ የወልቂጤ ትምህርቴ ነው። ስመለስ ጋሼ የጠቀለልኩትን አይተው «ተካ እጅሽን አፍጥኖታል። እኔ ደግሞ አዘገየዋለሁ» አሉኝ።

አሁን ወደ ፒክአፑ።

ጋሼ ዘንድሮ ሥራ ሊያቆሙ ወስነው ነበር። ጉልበታቸው መኪና ሥር አላንበረክክ አላቸው፤ ወልቂጤ ያለችው ልጃቸውም «ናና ከእኔ ጋር ተቀመጥ» ብላ ለመነቻቸው። ጋራዡን እትዬ ራሔል ለስፌት ሊከራዩት ተስማሙ። እኔም ወደ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የማልፍበት ዓመት ነው፤ አለቃዬ ካቆሙ እኔም አቆማለሁ አልኩ። ቀኑ ከአረፋ በፊት እንዲሆን ተቆረጠ። «የመጨረሻዋን መኪና በደንብ ሠርቼ፣ ግድግዳው ላይ አብርቼ፣ በሩን እዘጋለሁ» ይሉ ነበር። ይህቺን ነገር ደጋግመው ሲሏት እንደ ልጅ ደስ ይላቸዋል።

የመጨረሻዋ መኪና የኑረዲን ሆነች። ኑረዲን የእንሴኖ በርበሬ ነጋዴ ነው፤ ወጣት ነው፣ ተጫዋች ነው፣ ከእሱ ጋር ሁለት ደቂቃ የቆመ ሰው ያስነጥሰዋል። ፒክአፑ አሮጌ ናት፤ ያን ቀን ግን ከላይ እስከ ታች አዲስ ሰማያዊ ቀለም ተቀብታ ስትገባ ጋሼ እንኳን አፋቸውን ያዙ።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሽ ደምሴ! እንዴት ናት?»

«ወአለይኩም ሰላም። ኑሬ፣ መኪና ነው ወይስ ሙሽራ ያመጣኸው?»

«ለእናቴ ነው እኮ! ዘንድሮ ለሴቶች አረፋ በዚህች መኪና ወደ ተወለዱበት ቤት ልወስዳቸው ቃል ገብቻለሁ።»

የሴቶች አረፋ በዋናው አረፋ ዋዜማ የሚውል የእናቶች ቀን ነው። የእሱ እናት እማማ ዘሐራ ወደተወለዱበት ቤት ከሄዱ ዓመታት አልፈዋል፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ አውቶቡስም አያደርስም። ታዲያ አንድ ችግር አለ።

«መብራቷ ብልጭ ድርግም ይላል» አለ ኑረዲን ጭንቅላቱን እያከከ። «እናቴ አይተው ምን አሉ መሰላችሁ? ‹በዓይኑ ከሚጠቅስ መኪና ጋር አልሄድም። በዚህ ዕድሜዬ መንገደኛውን ሁሉ እየጠቀስኩ ልለፍ?› አሉኝ።»

ጋሼ ሳቁ። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እየሳቅን ኮፈኑን ከፈትን፣ እየሳቅን እጃችንን ታጠብን። ያን ቀን ጋሼ «መቼ ነው የሚሆነው?» ብለው አልጠየቁም። ይህን ያስተዋልኩት በኋላ ነው፤ ሳቁ ጥያቄውን ወሰደው።

የባትሪው ጫፍ ዝጎ ነበር፤ ጠረግነው። የአምፖሎቹን መያዣ አጸዳን። በሩን ዘግተን ነጩ ግድግዳ ላይ አበራን፤ ሁለት ክብ ብርሃን፣ እንደ ሁለት ድፎ ዳቦ፣ ንቅንቅ የለም። አስፋልቱን ይዘን እስከ መስጂዱ ወርደን ተመለስን፤ ንቅንቅ የለም። ኑረዲን እየዘፈነ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ዘፈን የለም። «ጋሽ ደምሴ፣ ወላሂ እንደ ድሮው ነው።»

ጋሼ አሁን አልሳቁም። የመሪውን ክዳን ፈተው የመብራቱን ማብሪያ አወጡ፤ ውስጡ ትንሽ ጠቁሯል። ቀየሩት። ለመብራቱ ኤሌክትሪክ የምትለቀውን ሬሌም ቀየሩት። ማስተር ተካ ቢያዩ እልል ይሉ ነበር። እኔ ደግሞ ከኋላ እስከ ፊት ሽቦውን በጣቴ ሄድኩበት። ብሎኖቹን አንድ በአንድ በቁልፍ ሞከርኳቸው፤ ሁሉም ጥብቅ፣ ሁሉም አዲስ ሰማያዊ፣ የሚያበሩ። ግድግዳው ላይ አበራን። ሁለት ድፎ ዳቦ። መንገድ ወጣን። ሰላም። «በቃ ኑሬ፣ ሂድ እናትህን አምጣ» አሉት ጋሼ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርገው።

በማግስቱ ስልክ ተደወለ። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ የጋሼ እጅ ግራሶ ነበር።

«ሶሲ፣ ለጋሽ ደምሴ ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው። ማንም አልተጎዳም። መብራቱ ድርግም አለና ቦይ ውስጥ ገባሁ።»

ከእኛ ዘንድ በወጣበት ዕለት፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ ወደ መንደራቸው ሲደርስ ነው። እናቱ ተሠርታ የመጣችላቸውን መኪና ለማየት የክት ልብሳቸውን ለብሰው መንገዱ ዳር ቆመው ነበር። ሁለቱም መብራት በአንዴ ጠፋ፤ ከእናቱ በተቃራኒው በኩል የፊት ጎማው ቦይ ገባ፤ ሁለት ሦስት እንሰት ረገጠ። ያ ብቻ ነው። ግን ጎማው ወደ ሌላው ወገን ቢሄድስ? ይህን ኑረዲን አላለም። ጋሼ ግን አሰቡት፤ ሲያስቡት ፊታቸው ላይ አየሁት።

ቀስ ብለው እጃቸውን ታጠቡ። ሥራ ሳይኖር። ከዚያ ፒንሳውን፣ ካቻቢቴውን፣ የሙከራ አምፖሉን አንድ በአንድ በጨርቅ እየጠረጉ ሣጥን ውስጥ ከተቱ። በቀን፣ ሥራ ባለበት ቀን፣ በሩን ሲዘጉ አይቼ አላውቅም ነበር። ዘጉት። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ።

«እጄ ረስቶኛል ሶሲ» አሉ።

«ጋሼ፣ እጅዎ ምንም አልረሳም።»

«እናቱ እዚያ ቆመው ነበር። እኔ ነኝ ‹ሂድ አምጣቸው› ያልኩት።» ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «አርባ መኪና በደንብ ሠርተሽ ብትወጪ ሰው አያስታውሰውም። አንዷን አበላሽተሽ ብትወጪ ግን አንቺው ራስሽ ሌላውን ሁሉ ትረሽዋለሽ። በቃ፣ አልቋል። ለራሔል ቁልፉን ስጪልኝ።»

ቁልፉን ተቀበልኩ። ግን ለእትዬ ራሔል አልሰጠሁም። ኪሴ ውስጥ አደረ።

ጋሼን ከቤት ያወጣቸው መኪናዋ አይደለችም፤ እማማ ዘሐራ ናቸው። ጠዋት ኑረዲን ደወለ። «እናቴ እየተቆጡ ነው። ‹ሰውየው አዝኗል ትለኛለህ፤ አረፋ በደጃችን እያለ ሰው በእኛ አዝኖ እንዴት ያድራል? ጥራው ይምጣ፣ አብረን እንብላ፣ ይውጣልን› ይላሉ።» በእኛ አገር ሰው ለመስቀልም ይሁን ለአረፋ ቂም ይዞ አይገባም፤ የተጣላ ይታረቃል፣ ያዘነ ይጠራል። ጋሼም ጴንጤ ይሁኑ እንጂ የዚሁ አገር ልጅ ናቸውና እምቢ ማለት አልቻሉም። ለብሰው ወጡ። ባርኔጣቸውን አደረጉ። የመሣሪያ ሣጥኑን ግን አልያዙም፤ እኔ በትምህርት ቤት ቦርሳዬ ትንሽ ነገር ይዤ ነበር፤ የሙከራ አምፖል፣ ቁልፍ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ረዘም ያለ ሽቦ። ለምን እንደያዝኩ አትጠይቁኝ፤ ፍቅር ነው።

ፒክአፗን ጎረቤት ተረባርቦ ከቦዩ አውጥቷታል፤ ደጃፉ ላይ ጭቃ በጭቃ ሆና ቆማለች። እማማ ዘሐራ አጭር፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሴት ናቸው። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«የምን ጥፋት! ልጄ ቆሞልኝ የለ? አልሐምዱሊላህ። ግባ፣ ብላ።» ከዚያ ወደ መኪናዋ አገጫቸውን እየጠቆሙ፣ «ይቺን ግን ነግሬው ነበር። ባለጌ ናት። ሰው ሰላም ባለ ቁጥር ትጠቅሳለች።»

ኑረዲን ሳቀ። «እናቴ፣ እንግዲህ ይህን ቀልድ ይተዉት።»

«ምን ቀልድ አለው! የሐጂን ልጅ መንገድ ላይ አየህ፤ ጲ...ጵ አልክ፤ ጠቀሰች። እነ ከማልን አየህ፤ ጲጵ አልክ፤ ጠቀሰች። ከትናንት ወዲያ ማታ እኔን አየህ፤ ደስ አለህና ጲ.......ጵ አልክ፤ እሷም ዓይኗን ጨፍና ቁጭ!»

እያወሩ ደጁ ላይ አስቀምጠው ገበታ አቅርበውልን፣ እኔ ጎርሼ ነበር። ጉርሻው አፌ ውስጥ ቀረ። ጋሼን አየኋቸው። ጋሼ እኔን አዩኝ።

«መቼ» አልኩ፣ አፌ ሞልቶ።

«መቼ» አሉ ጋሼ፣ ቀስ ብለው። ጉልበታቸውን ረስተው ዘለው ተነሡ።

ነገሩ ይህ ነው። ኑረዲን ሰው ይወዳል፤ ሰላም የሚለው በክላክስ ነው። እኛ ጋራዥ ግን በሩ ላይ «ክላክስ መንፋት ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፏል፤ በእትዬ ራሔል አባት ምክንያት። መንገድ ስንሞክርም ጋሼ ጎኑ ስለተቀመጡ አክብሯቸው ክላክሱን አልነካም። ስለዚህ ፒክአፗ ከእኛ ጋር ስትሆን ጨዋ ነበረች፤ ብልግናዋን የምታወጣው ከሰው ጋር ነው!

ኑረዲንን መብራት አስበርተን ክላክሱን አስነፋነው። በቀን ብርሃን እንኳን ታየ፤ ጲጵ ሲል መብራቱ ድክም፣ ሲተው ብርት። እማማ ዘሐራ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው «እህ?» አሉን።

ኤሌክትሪክ ከባትሪ ወጥቶ መብራቱን አብርቶ ሲጨርስ ወደ ባትሪው መመለሻ መንገድ ይፈልጋል። የሚመለሰው በመኪናዋ ብረት በኩል ነው። ሽቦውን ከብረቱ ጋር የሚያገናኘውን ብሎን ማሳ እንለዋለን። ማሳው ጠባብ ከሆነ መብራቱ ብቻውን ሲሆን እንደምንም ያልፋል፤ ክላክሱ ሲጨመር ሁለቱ በር ላይ ይጋፋሉ። ጋሼ ከቦርሳዬ ሽቦ ሲወጣ አይተው አፍንጫቸውን ጠረጉ። የሽቦውን አንድ ጫፍ ባትሪው ላይ፣ ሌላውን መብራቱ ላይ ያዝኩ፤ ጊዜያዊ መመለሻ መንገድ መሆኑ ነው።

«ንፋ!»

ጲ.....ጵ። መብራቱ ፍንክች የለም። ሽቦዬን አነሳሁት። ድክም። መለስኩት። ብርት። ጩኸቴን አላስታውስም፤ እማማ ዘሐራ ግን እንደ ፍየል ዘለለች ብለው ለሰው ሁሉ አውርተዋል።

ከባትሪው ጎን ያለውን የማሳ ብሎን ጋሼ በቁልፍ ፈቱት። እኔ ያን ዕለት ሞክሬ «ጥብቅ ነው» ያልኩት ብሎን ነው፤ እውነትም ጥብቅ ነበር። ከሥሩ ግን ብረት የለም፤ ቀለም ነው። የሚያምር፣ ለስላሳ፣ ወፍራም ሰማያዊ ቀለም። መኪናዋ ስትቀባ ብሎኑን ፈትተው፣ ሥሩን ቀብተው፣ መልሰው አጥብቀውታል። ኤሌክትሪክ በቀለም አያልፍም፤ በብሎኑ ጥርስ በኩል ብቻ እየተሹለከለከ ነበር።

ኑረዲን ፊቱ ቀላ። «እኔ ነኝ ለቀቢው የነገርኩት። ‹እናቴ ናቸው የሚቀመጡባት፤ ዓይን የማይደርስበትን ቦታም እንዳትተው፣ ብሎን ሥር እንኳን ቀባልኝ› አልኩት። ተጨማሪ ከፍዬ!»

እማማ ዘሐራ ወደ ኮፈኑ ጠጋ ብለው ያችን ሳንቲም የምታክል ሰማያዊ ቦታ አዩአት። ለረጅም ጊዜ አዩአት።

«የማይታየውንም ቀባህልኝ?» አሉ።

ኑረዲን እግሩን ያይ ነበር።

ጋሼ ብርጭቆ ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱና መልሰው ሰጡኝ። «አንቺ ፋቂው። ቀስ ብለሽ፣ እሷን ቦታ ብቻ። የፍቅር ቀለም ነው፤ ከሚያስፈልገው በላይ አትንኪ።» ብረቱ ነጭ ሆኖ እስኪያበራ ፋቅሁ። ብሎኑ የት ነው ብዬ ስዞር ጋሼ መላጣቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ባርኔጣቸውን ዘረጉልኝ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። አሰርኩት። ኑረዲን ነፋ፣ ነፋ፣ ነፋ፤ የመንደሩ ልጆች ሁሉ ሮጠው መጡ። መብራቱ አፍጥጦ ቀረ።

በሴቶች አረፋ ጠዋት ጋሼና እኔ ጋራዡን ለእትዬ ራሔል ልናስረክብ ሄድን። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ በሩን ከፈትኩ፤ ጋሼ ትንሽ አፈር ብለው «አንቺ አታላይ» አሉኝ፣ ተደስተው። ወለሉን ጠረግን። ሣጥኑ ወልቂጤ ለማስተር ተካ ይላካል፤ ፒንሳዋ ግን ከእኔ ጋር ቀረች። ጋሼ እጃቸውን ነጩ ግድግዳ ላይ አሳርፈው ትንሽ ቆሙ፤ የሰው ትከሻ ላይ እንደሚያሳርፉት። «ግድግዳው ላይ አብርቼ እዘጋለሁ ብዬ ነበር» አሉ።

በዚህ መሃል ከውጭ ድምፅ ሰማን። ወጣን። ሰማያዊዋ ፒክአፕ በጠራራ ፀሐይ መብራቷን ቦግ አድርጋ ቀስ እያለች ትመጣለች። ኑረዲን መሪውን ይዞ ጥርሱ ብቻ ነው የሚታየው። ከጎኑ እማማ ዘሐራ አዲስ ሻሽ አስረው፣ መዳፋቸው ሂና ተቀብቶ፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ወደተወለዱበት ቤት እየሄዱ ነው። በራችን ጋ ሲደርሱ ኑረዲን ክልክል መሆኑን ረስቶ ክላክሱን አንድ ጊዜ ረጅም አድርጎ ነፋው።

ጋሼም እኔም መብራቱን አየን፤ የባለሙያ ነገር፣ ሰው ሳይሆን መብራት ነው ቀድሞ የሚታየን። ፍንክች አላለም። ጋሼ ትንፋሻቸውን ለቀቁ፣ በሩን ሳብ አደረጉና ዘጉት።

ቀና ስል መኪናዋ አጠገባችን እያለፈች ነው። መብራቱ አልጠቀሰም። እማማ ዘሐራ ግን በመስኮቱ ወደ እኔ ዞር አሉና በዓይናቸው ጠቀሱኝ።